አረንጓዴው ኢሜይል

ሰባት ወር ሙሉ በየሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ላይ አንድ ኢሜይል ይደርሰኝ ነበር። ርዕሱ «ባክአፕ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል፤ ባክአፕ ማለት ዋናው ዳታ ቢጠፋ የሚመለስበት መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ከሥሩ ቀኑና የሰርቨሩ ስም፣ ቀጥሎም በአረንጓዴ ቀለም «ተሳክቷል» የሚል ቃል። በቃ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ቢሮ ስገባ እከፍተው ነበር። እየቆየሁ ርዕሱን ብቻ ማየት ጀመርኩ። በኋላ ደግሞ ሳጥኔን ሲያጣብብብኝ በቀጥታ ወደ አንድ ፎልደር እንዲገባ አደረግኩት፤ ፎልደሩን ከፍቼው አላውቅም። ወር ሲያልቅ ግን «ባክአፕ መኖሩ ተረጋግጧል» የሚለው ቅጽ ይመጣልኛል፤ ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ። ሰባት ጊዜ ፈርሜያለሁ።

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ላይ አንዲት ኢንተርን ለመመረቂያ ሥራዋ የሙከራ ዳታ ፈለገች። «ያለፈውን ሳምንት ባክአፕ አውርደሽ ሙከራ ማሽኑ ላይ ክፈቺው፤ የሰዎቹን ስምና ስልክ አብረን እናጠፋዋለን» አልኳትና ወደ ማኪያቶዬ ተመለስኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ላፕቶፗን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ፋይል ልክ ነው?»

መጀመሪያ የከነከነኝ ጋሼ መባሌ ነበር፤ ገና 36 ዓመቴ ነው። ከዚያ ስክሪኑን አየሁት። ፋይሎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ መጠናቸው የተጻፈበት ዓምድ 20፣ 20፣ 20፣ 20 እያለ ይወርዳል።

«ሃያ ጊጋ ነው፣ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ባይት ነው፣ ጋሼ።» አንድ ጊጋ ቢሊዮን ባይት ያህል ነው፤ ሃያ ባይት ምንም ማለት አይደለም።

የምሠራው ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ሲኬድ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ከመስኮት የሚታይበት ሕንፃ ላይ ነው። ድርጅቱ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው፤ የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን የክፍያና የደንበኛ መዝገብ ሲስተም ያስተዳድራል። ስሙን አልጠራም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ትልቅ ቤት ውስጥ ተደላድሎ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ በተለይ «እኔ እንኳን ሥራዬን በደንብ ነው የምሠራው» ለሚል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክአፕ የሚወስደው ስክሪፕት ሁለት ትእዛዝ በአንድ መስመር የተቀጣጠሉበት ነው፤ አንዱ ዳታውን ከዳታቤዙ እያወጣ ያቀብላል፣ ጂዚፕ የሚባለው ሌላው ደግሞ እየተቀበለ ጨምቆ ፋይል ያደርገዋል። መስከረም ላይ የደኅንነት ክፍሉ የይለፍ ቃሎችን ሲቀያይር የባክአፑም አብሮ ተቀየረ። ስክሪፕቱ ውስጥ የተጻፈውን ግን የለወጠው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ በየሌሊቱ ከዳታቤዙ በር ላይ ይመለሳል። ሁለተኛው የሚጨምቀው ነገር ባይመጣለትም ባዶውን ጨምቆ «ጨርሻለሁ» ይላል። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ ላይ የተቀጣጠለ ትእዛዝ ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚባለው፣ ሌላ ነገር ካላዘዙት በቀር፣ በመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ነው። መጨረሻው ደግሞ ተሳክቶለታል። ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ 20 ባይት ይሆናል። ስምንት ዓመት እዚያ ቤት ሠርቼ ይህችን ያወቅኳት ያን ዕለት ነው።

«ሌላ ባክአፕ የላችሁም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነበረን። በዶላር የሚከፈልበት የታወቀ ሶፍትዌር ነበረን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወር ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ፤ የፈቃድ ዕድሳቱም «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። ያኔ ማንም አልተጨነቀም፤ ስክሪፕቱ አለ፣ በየሌሊቱም አረንጓዴ ነው። ዳታውን እግር በእግር እየተከተለ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰርቨርም ነበረን። እሱ ግን ዋናው ሲበላሽ ተተኪ ይሆናል እንጂ ባክአፕ አይደለም። አንድ ሰው ዋናው ላይ አንድ ሠንጠረዥ በስህተት ቢሰርዝ ያኛውም ወዲያው ይሰርዛል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፈተና ላይ ቢመጣ ሁላችንም እንመልሰዋለን።

ያን ማታ አዲሱን የይለፍ ቃል አስገባሁ። ጠዋት ፋይሉ 38 ጊጋባይት ሆኖ ጠበቀኝ። ለሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም።

ኢንተርኗን «ለሰው እንዳትነግሪ» አላልኳትም። «አስተካክለነዋል» ብቻ ነው ያልኳት፤ ፊቴን አይታ የገባት ይመስለኛል፣ ዳግም አልጠየቀችኝም። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። ገና ሥራ ያልጀመረች ልጅ ከእኔ የተማረችው የመጀመሪያ ነገር ዝምታ ሆነ።

ለምን ዝም አልኩ? ሰባቱ ፊርማዬ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ስክሪፕቱን የጻፉት ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ክፍሉ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። አዲስ ስገባ ሰርቨር ክፍሉን ይዘውኝ የዞሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲያርፍ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ በሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «የእርስዎ ስክሪፕት ሰባት ወር ባዶ ሲጨምቅ ነበር» ልበል? እንዴት ተደርጎ! ስለዚህ ነገሩን ሳብሰለስል አንድ ነገር ታየኝ፤ ክፍላችን በሙሉ የቆመው በዚህ ነው። እያንዳንዳችን የሌላው ሥራ ላይ አንድ የሞተ ነገር እናውቃለን። አንናገርም፤ እሱም የእኛን ያውቃላ። ተነጋግረን የተዋዋልነው ነገር የለም፣ ውሉ ግን ጸንቶ ይኖራል።

እንዲህ የሆንኩት በአንድ ቀን አይደለም። 2009 ዓ.ም. ስገባ የመጣሁት ሃያ ሁለት አካባቢ ካለች፣ አራት ሰው በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ከሚሠራባት ትንሽ ድርጅት ነበር። እዚያ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጠገነው በእኛው እጅ ነው፤ ሌላ ሰው የለማ። አዲሱ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ወር ሲስተሞቹን እንዴት ብንከታተል ይሻላል የሚል ሦስት ገጽ ጽፌ ለያኔው ኃላፊ ሰጠሁ። አንብበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጥሩ ነው ልጄ። ቀስ በል። ይሄ ቤት ትናንት የተሠራ አይደለም።» በክፋት አልነበረም፣ በፍቅር ነው ያሉት። ለዚያ ጽሑፍ መልስ እስካሁን አልመጣልኝም። በዓመቱ ሁለተኛ ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ ነበር። ሦስተኛ አልጻፍኩም።

ከዚያ ምቾቱ ነው። ደመወዝ አንድም ቀን አይዘገይም። ሰርቪስ ከበር ያነሣል፣ ከበር ያደርሳል። ሕክምናው ቤተሰብን ይጨምራል፤ የዓመት ቦነስ አለ፤ ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ከነውሎ አበሉ ስልጠና አለ። እናቴ በሄድኩ ቁጥር «ያን ቤት እንዳትለቅ፤ ስንቱ ደጅ ይጠናል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በዚህ ኑሮ ውስጥ ይህን የሚንቅ ሰው ካለ አልስማማውም።

ሥራው ራሱ ግን ቀስ እያለ ይደርቃል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አሻራ፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ የቲኬት፣ ማለትም ተመዝግበው የሚመጡ የብልሽት አቤቱታዎች፣ ዝርዝር። ቲኬቱ ይዘጋል፣ ችግሩ አይዘጋም፤ የሚቆጠረው ግን ቲኬቱ ነው። አንዱ ሲስተማችን ሳምንት ሲሞላው መንቀራፈፍ ስለሚጀምር በየሐሙሱ ማታ አጥፍተን እናስነሣዋለን። ሲነሣ ይድናል። «የሐሙስ ጠበል» እንለው ነበር። ለአራት ዓመት ጠበል አጠመቅነው፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ ምክንያቱም «የሚሠራ ነገር አይነካም»። የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና (ቢ.ኤስ.ሲ.) ውጤቴ 4.3 ከ5 ነበር። ከ4 በታች ያገኘ ሰው እዚያ ቤት አይቼ አላውቅም። ከፕሪንተሩ በላይ የካይዘን ፖስተር ተለጥፏል፤ «ማጽዳት» የሚለው ቃል ላይ አቧራ አለ። አንድ ቀን በጣቴ ጠረግኩት፣ ተመልሶ ያዘው።

ውስጤ ባዶ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሌላ ነገር ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ። 2015 ዓ.ም. ላይ ጓደኛዬ ገፋፍቶኝ ቦሌ አካባቢ አንድ ትንሽ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሄድኩ። የጠየቀኝ ልጅ ቢበዛ 26 ዓመት ቢሆነው ነው። ባለፈው ዓመት ምን ሠራህ አለኝ። ሲስተሙን አሻሻልን፣ ወደ አዲስ ሰርቨር አዛወርን፣ የክፍያውን ፍጥነት አስተካከልን፣ እያልኩ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራሁ። ልጁ በትሕትና አዳምጦኝ ሲያበቃ «ይቅርታ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንተ ራስህ የሠራኸው የትኛውን ነው?» አለኝ። «ን» የነበረውን ሁሉ «ኩ» ለማድረግ ሞከርኩ። አሻሻልኩ? አዛወርኩ? አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ። ሥራውን አላገኘሁም። ስመለስ ለጓደኛዬ «ደመወዛቸው ትንሽ ነው» አልኩት።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሲያትል ውስጥ አንድ ግዙፍ ድርጅት የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ግን ስነግረው ሳቀ። እነሱ ሲቀጠሩ አክሲዮን ይሰጣቸዋል፣ በእጃቸው የሚገባው ግን በአራት ዓመት ውስጥ እየተቆራረሰ ነው። አንዳንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እሱን ብቻ ይቆጥራል አለኝ። እ.አ.አ. በጥር 2023 ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ ሲያስታውቁ፣ የእሱም ቤት ማሰናበት ያዘ። አጠገቡ አሥር ዓመት የተቀመጠ ሰው ሲወጣ ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው አጥቶ ሦስት ቀን አብረው አምጠዋል። እኔ ቦሌ ላይ የያዘኝ «ን» እዚያም ይዞታል።

ኖኪያንም አነበብኩ። መቼም ባትሪ ያላትን ኖኪያ የማያስታውስ የለም፤ መብራት ሲጠፋ ቤቱን የምታበራው እሷ ነበረች። ያን ያህል ዓለምን የያዘ ድርጅት እ.አ.አ. በ2013 የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ ተስማማ። ኩይ ሁይና ቲሞ ቩዎሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ምን እንደነካው ለማወቅ 76 ሰዎችን አነጋግረው ነበር፤ አለቆችን፣ መካከለኛ ኃላፊዎችን፣ ኢንጂነሮችን። ያገኙት ፍርሃት ነው። መካከለኞቹ የላይኞቹን ቁጣ ፈርተው መጥፎውን ወሬ ወደ ላይ አያወጡም፤ የላይኞቹም ሁሉ ነገር ደህና እየሄደ ይመስላቸዋል። እኛ ቤት ግን የሚቆጣ አለቃ ኖሮ አያውቅም። የእኛው ይሉኝታ ነው። እንደኔ እንደኔ ይሉኝታ ከፍርሃት ይብሳል። የፈራ ሰው አንድ ቀን ይመረውና ይናገራል። ይሉኝታ የያዘው ግን ጨዋ የሆነ ስለሚመስለው ከዚያ ለመውጣት ምክንያት የለውም።

ስለ ኢሜይሉ ደግሞ ከእኔ የባሰ አገኘሁ። እ.አ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት አዲስ ሶፍትዌር ሲጭን ከስምንት ሰርቨሮች አንዱን ዘለለው። በዚያች አንዷ ላይ ለዓመታት ሳይሠራ የተቀመጠ አሮጌ ኮድ ነቃና ያለ ማቋረጥ ይገዛ ይሸጥ ጀመር፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ሲመረምር ያገኘውን ሳነብ ነው የደነገጥኩት። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ገበያው ሳይከፈት በፊት፣ ስህተቱን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞቹ ደርሰው ነበር። እነሱን አይቶ የተነሣ አልነበረም። የእነሱ 97 ነው፤ የእኔ ከ200 ይበልጣል። የእነሱ ደግሞ ስህተት አለ እያለ ነበር። የእኔ አረንጓዴ ነው።

ጊትላብ የተባለው፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት፣ የደረሰበት ደግሞ ቁርጥ የእኛው ነው። እ.አ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነራቸው ደክሞት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ሰረዛቸው። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ ባክአፕ የለም፤ የሶፍትዌሩ ስሪት ስላልተጣጣመ ከቆየ ጀምሮ ሳይወሰድ ቀርቷል፤ ይህን ይነግር የነበረው ኢሜይልም እየተመለሰ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። ከዚያ ያደረጉት ነው የገረመኝ። ዳታውን የመመለሱን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። ዓለም እያየ!

እኔ ዓለም ቢቀር ለአንድ ሰው መናገር አቅቶኝ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። «ጋሼ፣ አንዴ ይቺን ያዩልኛል?» ብዬ ስክሪፕቱን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። መስመር በመስመር አነበቡት፤ የራሳቸውን ጽሑፍ እንደ ሰው ጽሑፍ። ከዚያ ሳቁ።

«ይሄ እኮ ለአንድ ሳምንት ነበር» አሉኝ።

2008 ዓ.ም. ላይ ነው የጻፉት፤ የሚገዛው ሶፍትዌር እስኪመጣ ብለው። ሳምንቱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ከዚያ ዝቅ ብለው የታችኛውን መሳቢያ ከፈቱና አንድ ክላሰር አወጡ። ባክአፑ እውነት መሆኑን መሞከሪያ ሰርቨር ይገዛልን የሚል ደብዳቤ፣ 2010 ዓ.ም.። ከላዩ ላይ «በጀት ሲፈቅድ» ተብሎ ተመርቶበታል። ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። «ሦስቴ ጽፌያለሁ። አራተኛውን ልጽፍ ስል፣ ይሄ ሰውዬ አሁንስ አበዛው እንዳልባል ብዬ ተውኩት።» እኔ በሁለት ነው ያቆምኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ «ጋሼማ ነገር አያሳስባቸውም» እያልኩ ኖሬያለሁ።

ማስተካከያውን በራሳቸው እጅ ጻፉት። አንደኛዋ መስመር፣ ፓይፕፌይል የምትባለው፣ ከተቀጣጠሉት ትእዛዞች አንዱ እንኳ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ እንዲባል ታደርጋለች። ሌላዋ ፋይሉ ከትናንቱ በአንድ አሥረኛ ካነሰ በቀይ ትጮሃለች። የፋይሉንም መጠን ኢሜይሉ ላይ አስገቡት። ከሃያ ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም።

ኃላፊያችንን ሰኞ ከስብሰባው በፊት ሥር ካለው ካፌ ቡና ጋበዝኳቸው። በፊርማዬ ጀመርኩ፤ «ሰባት ጊዜ ሳላይ ፈርሜያለሁ» አልኳቸው። ከዚያ የሆነውን፣ ከዚያ መስተካከሉን። ማኪያቷቸውን አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አማሰሉት።

«ለማን ነገርክ?» አሉኝ።

ዳታው ተርፏል ወይ አላሉም። መቼ ተጀመረ አላሉም። ለማን ነገርክ። በዚያች ሰዓት በጣም ነበር የተናደድኩት። አሁን ግን ይገባኛል፤ እሳቸውም በየወሩ ወደ ላይ የሚያቀርቡት ሠንጠረዥ አላቸው፣ እሱም አረንጓዴ ነው። ለደንበኞቹ በጽሑፍ እንናገር አላልኩም፤ እሳቸውም አላነሡትም። ይሄኛው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ያደረግኩት ልክ ነበር ብዬ አልከራከርም። የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ የለበሰ አሮጌ ሰርቨር አለ፤ እሱ ይሰጠን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ባክአፑን እዚያ ላይ መልሰን እንሞክር። ትንሽ አሰቡና «ስልጠና በለው» አሉኝ። «ስልጠና ካልከው አበሉንም እፈርማለሁ።»

ስልጠና አልነው።

ግንቦት ላይ በመጀመሪያው ቅዳሜ አምስት ሰው ተመዝግቦ ሦስት መጣን፤ እኔ፣ ጋሼና ኢንተርኗ። መመሪያችን «ባክአፕ ለመመለስ 2 ሰዓት ይፈጃል» ይላል። በአራተኛው ሰዓት ዲስኩ ሞልቶ ቆመ። ዲስክ ጨምረን እንደገና ስንጀምር የዳታቤዙ ስሪት አልመጣጠን አለ። ሽሮ አስመጥተን በልተን ወደየቤታችን ሄድን። ሰኔ ላይ 9 ሰዓት ፈጅቶ ተመለሰ። ተመለሰ! ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተዘርግተው ኮርኒሱን እያዩ ምንም ሳይናገሩ ብዙ ቆዩ።

ያልጠበቅኩት ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። እንደ ልባችን ብናበላሸው ማንም የማይጎዳበት ቅጂ እጃችን ላይ ሲኖር ሰው መንካት ጀመረ። «የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚለው አባባል ጉልበት ያገኘው ሲበላሽ መመለሻ ስላልነበረን ነው፤ ለካ ፍራቻችን ልክ ነበር። ኢንተርኗ ቅጂው ላይ ስትነካካ የሐሙሱን ሕመም አገኘችው። አንድ የሪፖርት ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት እየከፈተ አይዘጋም፤ ሳምንት ሲሞላው ሲስተሙን ያንቀዋል። ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው። ለአራት ዓመት ያጠመቅነው ለዚህ ነበር።

እንግዲህ እንደኔ ከሆንክ፣ ከሆንሽ፣ ከእኔ የምትወስዱት ነገር ካለ ይኸው። የሚደርሳችሁን ሪፖርት ሁሉ «ቀይ ሆኖ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሆኖ የማያውቅ ከሆነ ወይ ዕድለኞች ናችሁ፣ ወይ ቀይ መሆን አይችልም፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሆን ብሎ በማበላሸት ነው። እኔ አሁን በየሦስት ወሩ የባክአፑን የይለፍ ቃል ለአንድ ሌሊት አሳስተዋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ቀዩ ኢሜይል በሰዓቱ ለስድስት ሰው ደረሰ። «ምን ሆነ?» ብሎ የደወለልኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ስድስት ሰው ማለት ማንም ማለት እንደሆነ ተምሬ፣ አሁን በሳምንት ተራ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚደርሰው፤ በስሙ።

የሰው ጥፋት የሚያስነሣ ነገር ሲገጥማችሁ ስብሰባ ላይ አታውጡት። ስብሰባ ላይ የወጣ ነገር እውነቱ ቀርቶ ፊት ማዳን ይሆናል። ባለቤቱ ጋ ለብቻ ሂዱ፣ ራሳችሁ ያጠፋችሁትን አስቀድሙ፣ መፍትሔውን በእሱ እጅ አስጽፉት። ከአለቃ ደግሞ እምቢ ለማለት የሚያሳፍር ትንሽ ነገር ጠይቁ። ሦስት ገጽ ጽፌ ያላገኘሁትን በአንድ አሮጌ ሰርቨር አግኝቻለሁ።

ለራሴ የያዝኩት ደብተር አለ። ዓርብ ዓርብ ከመውጣቴ በፊት አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ሕጉ ግሱ በ«ኩ» ማለቅ አለበት። አንዳንዱ ዓርብ ባዶ ነው፣ ባዶውን ቀን ጽፌበት አልፋለሁ። ሁለት ባዶ ከተከታተለ ሰኞ የማላውቀውን ነገር ፈልጌ እይዛለሁ። በዓመት አንድ ጊዜም፣ ባልቀጠርም እንኳ፣ ለቃለ መጠይቅ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ሄጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለዚሁ ስለ 20 ባይት ተጠየቅኩ።

ለምን አልለቀቅክም የሚለኝ አለ። የቤት ብድር አለብኝ፤ ሌላ ትልቅ ምክንያት ፈልጌ ላሳምራችሁ አልችልም። አለቃችሁ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ «ለማን ነገርክ» ብቻ ካለ ግን መውጫውን ከአሁኑ ብታዩ ይሻላል፤ የእኔው ቢያንስ አበሉን ፈርመዋል።

ኢንተርኗ ተመርቃ ሌላ ቦታ ሥራ ይዛለች። ጋሼ ጡረታቸውን እየቆጠሩ ነው፤ ቅዳሜዋን ግን ቀርተው አያውቁም። ባለፈው ወር ባክአፑ በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተመለሰ። መመሪያው ላይ አሁንም «2 ሰዓት» ይላል። እንዲስተካከል የጻፍኩት ደብዳቤ ፊርማ እየጠበቀ ነው።